የፊሊፒንስ ባህር ኃይል፦ ዝገት ነው ወይስ አዲስ ጉልበት?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሰላም ጋሼ። ስለ ፊሊፒንስ ባህር ኃይል ሰዎች ሲከራከሩ አይቼ ግራ ገባኝ። አንዱ ያላቸው ዝገት ብቻ ነው ይላል። ሌላው ብራህሞስ ሚሳኤል ገዝተዋል፣ ከእንግዲህ ቻይና አትነካቸውም ይላል። እውነቱ የቱ ነው? አለት ላይ ተቀምጣ ቀረች የሚባለው መርከብስ እውነት ናት? ሰርጓጅ መርከብስ አላቸው?»

ሰላም ወንድሜ። ሁለቱም ተከራካሪዎች ከእውነቱ ትንሽ ትንሽ ይዘዋል። ችግሩ ሁለቱም የሚቆጥሩት ነገር ልክ አይደለም። የመርከብ ብዛትም ሆነ የአንድ ሚሳኤል ስም ብቻውን ብዙ አይነግርህም። ጦር መርከብ ስታይ ራስህን ጠይቅ፤ ምን ያህል ርቀት ታያለች? ምን መምታት ትችላለች? ሚሳኤል ቢተኮስባትስ ታከሽፈዋለች? ስትሰበር ደግሞ መለዋወጫዋ ከየት ይመጣል? የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰው ሁሉ ይረሳታል። እኔ የመርከብ ሞተር ሰው ስለሆንኩ አልረሳትም።

ንግድ መርከብ ላይ የሚሠራ ሐበሻ ይህን ያውቀዋል፤ ፊሊፒኖ የሌለበት መርከብ ማግኘት ከባድ ነው። የዓለምን ባህር ከሚያንቀሳቅሱት ሕዝቦች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። አብሬያቸው ስሠራ የባህር ኃይላቸው ነገር ሲነሳ ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ጉዳዩን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው በቅርብ የምከታተለው። ዓመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከታሪኩ ልጀምር፣ ምክንያቱም ዛሬ የምታየው ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው።

ፊሊፒንስ 7,641 ደሴቶች ያሏት አገር ናት። እንዲህ ያለ አገር ጠንካራ ባህር ኃይል ይኖረዋል ብለህ ትገምት ይሆናል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ግን አልነበረውም። ትልቁ ምክንያት አሜሪካ እዚያው ስለነበረች ነው። ሱቢክ ላይ ግዙፍ የአሜሪካ ባህር ኃይል ጣቢያ ነበር፣ በ1951 የተፈረመ የጋራ መከላከያ ውልም አለ። የውጭ ጠላት ቢመጣ አሜሪካ አለች ተባለ። የአገሪቱ ጦር ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ፤ ከኮሚኒስት ሽምቅ ተዋጊዎችና ከሚንዳናኦ አማፂዎች ጋር ሲዋጋ ገንዘቡ ወደ እግረኛው ሄደ። ባህር ኃይሉ የደረሰው የሌላ አገር ትርፍ ነው።

ትርፍ ስልህ በትክክል ትርፍ ነው። በሚያዝያ 1975 ሳይጎን ስትወድቅ የደቡብ ቬትናም ባህር ኃይል መርከቦች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጭነው ወደ ሱቢክ ሸሹ። አገራቸው ስለፈረሰ ባንዲራቸውን ባህር ላይ አውርደው ነው የገቡት። ከመርከቦቹ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩና የፊሊፒንስ ሆኑ። ከእነሱ ውስጥ ፊሊፒንስ ፍሪጌት (መካከለኛ መጠን ያለው ተዋጊ መርከብ) ብላ ያሰለፈቻቸው አራቱ ባርኔጋት የሚባለው ዓይነት ነበሩ። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባህር አውሮፕላን መንከባከቢያ እንዲሆኑ የሠራቻቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ምጽዋ ላይ የነበረችው፣ ከ1962 ጀምሮ የኛ ባህር ኃይል ዋና መርከብ የሆነችው «ኢትዮጵያ» የእነዚህ እህት ናት። እሷም ባርኔጋት ናት። የአሜሪካ ስሟ ኦርካ ነበር፣ እናም በ1944 መጨረሻ ሌይቴ፣ በ1945 መጀመሪያ ደግሞ ሊንጋየን ባህረ ሰላጤ ላይ ነበረች። ሁለቱም ፊሊፒንስ ናቸው። የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላኖች በሚወርዱበት ውሃ ላይ አገልግላ ነው ወደኛ የመጣችው። በ1991፣ በኛ ግንቦት 1983፣ ባህር ኃይላችን ሲበተን ወደ የመን አመለጠች። በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለዚህ የፊሊፒንስን ባህር ኃይል ታሪክ ሳነብ የባዕድ ታሪክ አይመስለኝም። አገር ሲናጋ ባህረኛው መርከቡን ይዞ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው የሚነግሩህ አባቶች እኛም ዘንድ አሉ። ካገኘሃቸው ጠይቃቸው።

ወደ ፊሊፒንስ ልመለስ። የአሮጌ መርከብ ነገር እዚያ ምን ያህል እንደዘለቀ ለማየት ራጃ ሁማቦን የምትባለዋን ተመልከት። በ1943 በአሜሪካ አገልግሎት ጀመረች። በግንቦት 1945 ከሌላ መርከብ ጋር ሆና የጀርመንን ሰርጓጅ ዩ-853ን አሰጠመች። ከዚያ በ1955 ለጃፓን ተሰጠች፣ ሃያ ዓመት ገደማ እዚያ ሠራች። ከዚያ ፊሊፒንስ ወሰደቻት። ከአገልግሎት የወጣችው በመጋቢት 2018 ነው። ሦስት ባህር ኃይል፣ ከሰባ ዓመት በላይ። ሌሎች የዚያው ጦርነት መርከቦችም እስከ 2020 እና 2021 ድረስ ቆይተዋል። «ዝገት ብቻ» የሚለው ሰው ይህን ይዞ ነው የሚናገረው፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከሆነ ደግሞ ልክ ነው።

ግን ባህረኛውን አትናቅ። የ1943 ሞተር በ2010ዎቹ ማስነሳት ቀላል ሥራ አይደለም። ፋብሪካው የለም፣ መለዋወጫው የለም፣ ከአንዷ ነቅለህ ለሌላዋ ትገጥማለህ፣ የጎደለውን ራስህ በቶርኖ ትቀርጻለህ። ይህን ያደረጉ ሰዎች ትልቅ ሙያተኞች ናቸው። ከነሱ ጎን ቆሞ የሠራ ሰው ይመሰክርላቸዋል።

ነገሩ የተለወጠው አሜሪካ ስትወጣ ነው። በሰኔ 1991 የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈነዳና ክላርክ የተባለውን የአየር ኃይል ጣቢያ በአመድ ቀበረው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የፊሊፒንስ ሴኔት የሱቢክን ውል ማራዘሚያ 12 ለ11 በሆነ ድምፅ ጣለው። በኅዳር 1992 የመጨረሻዎቹ አሜሪካኖች ከሱቢክ ወጡ። ብዙ ሳይቆይ፣ በ1995፣ ፊሊፒንስ የኔ በምትለው የኢኮኖሚ ባህር ክልል ውስጥ፣ ሚስቺፍ ሪፍ በተባለው ቦታ ላይ ቻይና ቤቶች ሠርታ ተገኘች። ማኒላ ደነገጠች። በዚያው ዓመት የጦር ማዘመኛ ሕግ ወጣ። ሕጉ ወጣ እንጂ ገንዘቡ አልተከተለውም፤ የእስያ የገንዘብ ቀውስ በ1997 መጣና ዕቅዱን ወረቀት ላይ አስቀረው። በዚያ ዘመን ያገኙት ደህና ነገር እንግሊዝ ከሆንግ ኮንግ ስትወጣ የሸጠችላቸው ሦስት ፒኮክ የተባሉ የቅኝት መርከቦች ናቸው። 76 ሚሊ ሜትር መድፍ አላቸው፣ ሚሳኤል የላቸውም።

አሁን ወደ ጠየቅከኝ መርከብ ልምጣ። አዎ፣ እውነት ናት። ስሟ ሲዬራ ማድሬ ነው።

ሲዬራ ማድሬ በ1944 የተሠራች ታንክ አራጋፊ መርከብ ናት። ርዝመቷ 100 ሜትር ነው። መጀመሪያ የአሜሪካ ነበረች፣ በ1970 ለደቡብ ቬትናም ተሰጠች፣ በ1976 የፊሊፒንስ ሆነች። በግንቦት 1999 የፊሊፒንስ ባህር ኃይል ሆን ብሎ አዩንጊን በሚባለው ጥልቀት የሌለው የኮራል አለት ላይ አወጣት። ፈረንጆቹ ቦታውን ሴኮንድ ቶማስ ይሉታል። ሚስቺፍ ሪፍ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ቻይና አንዱን ቦታ ስትይዝ ፊሊፒንስ ቀጣዩን በመርከብ አካል ዘጋችው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ማሪኖች (የባህር ኃይሉ እግረኛ ወታደሮች) በፈረቃ እየተለዋወጡ ይኖሩባታል። ብረቷ ተበልቷል፣ አንዳንዱ ቦታ ከጎን ወደ ጎን ያሳያል።

ሰዎች ፎቶዋን አይተው ያዝኑላቸዋል። ነገሩን ካየኸው ግን ፊሊፒንስ ካላት መሣሪያ ሁሉ ብዙ ሥራ የሠራችው እሷ ልትሆን ትችላለች። ለምን? ከአገልግሎት አልተሰናበተችም። ዛሬም በመዝገብ የባህር ኃይሉ መርከብ ናት። የ1951ዱ ውል ደግሞ በፓስፊክ ውስጥ የሁለቱን አገሮች ጦር፣ የመንግሥት መርከብና አውሮፕላን መምታት ውሉን ሊቀሰቅስ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ እሷን መምታት አንድ የዛገ ብረት መምታት ብቻ አይደለም፣ አሜሪካን ወደ ጉዳዩ ሊጎትት ይችላል። ቻይና ይህን ስለምታውቅ መርከቧን አትመታም። የሚደረገው ሌላ ነው። ስንቅ የሚያመላልሱትን ጀልባዎች መክበብ፣ በውሃ መድፍ መምታት፣ መግጨት። በሰኔ 17 ቀን 2024 ነገሩ ከፋ። የቻይና ጠረፍ ጠባቂዎች ቢላና መጥረቢያ ይዘው የፊሊፒንስን ጀልባዎች ከበቡ፣ በግጭቱ አንድ የፊሊፒንስ ባህር ኃይል ባልደረባ አውራ ጣቱን አጣ። በሐምሌ ወር ሁለቱ መንግሥታት ስለ ስንቅ ማመላለሱ ጊዜያዊ መግባባት ላይ ደረሱ።

እንደ መሐንዲስ የሚያሳስበኝ ግን ፖለቲካው ብቻ አይደለም። ጨዋማ ውሃና ሞቃት አየር መካከል የተቀመጠ፣ ሊሳብ የማይችል፣ ዶክ (የመርከብ መጠገኛ) የማይገባ ብረት ዕድሜው የተቆረጠ ነው። ከውስጥ ሲሚንቶና ብረት እየጨመሩ ያጠነክሯታል። ያም ሆኖ የ1944 ቀፎ ነው። ውስጧ ያሉት ልጆች በአውሎ ነፋስ ሌሊት ምን እንደሚሰሙ ሳስብ ይከብደኛል።

ቀጥሎ ሰዎች ግራ የሚጋቡበት ክፍል ነው፤ ከአሜሪካ ጠረፍ ጥበቃ የተገኙት ሦስቱ ትልልቅ መርከቦች። ግሬጎሪዮ ዴል ፒላር በ2011፣ ራሞን አልካራዝ በ2012፣ አንድሬስ ቦኒፋሲዮ በ2016 የፊሊፒንስ ሆኑ። ሃሚልተን የሚባል ዓይነት ናቸው፣ 115 ሜትር ርዝመት አላቸው፣ የተሠሩት በ1960ዎቹ ነው። የመጀመሪያዋ ስትመጣ ማኒላ በደስታ ነው የተቀበለቻት፣ የባህር ኃይሉ ትልቋ ተዋጊ መርከብ ሆነች። መጀመሪያ በፍሪጌትነት ነበር የተመዘገቡት፣ በኋላ ወደ ቅኝት መርከብ ተራ ወረዱ። የሚገባቸውም ይህ ነው። አንድ 76 ሚሊ ሜትር መድፍ አላቸው። ጸረ መርከብ ሚሳኤል የላቸውም። የሚመጣ ሚሳኤልን ለመምታት አሜሪካ ትጠቀምበት የነበረው ፋላንክስ ፈጣን መድፍ ከመሰጠታቸው በፊት ተነሥቷል።

ሞተራቸው ለኔ በጣም ደስ የሚል ነው። ሁለት የናፍጣ ሞተሮች አሉ፣ ሁለት የጋዝ ተርባይኖች ደግሞ አሉ። ተራ ጉዞ ላይ በናፍጣው ትሄዳለህ፣ ነዳጅህ ይበረክታል፣ ሳምንታት ባህር ላይ ትቆያለህ። ፍጥነት ሲያስፈልግ ተርባይኑን ታስነሣለህ፣ ወደ 28 ኖት፣ በሰዓት 52 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ትደርሳለህ። ለቅኝት ድንቅ ነው። ችግሩ ተርባይኖቹ የዚያ ዘመን መሆናቸው ነው። ነዳጅ ይጠጣሉ፣ መለዋወጫቸውም በየወደቡ የሚገኝ አይደለም። ባጀት ሲጠብ ተርባይኑ ያርፋል፣ መርከቧ በናፍጣው ብቻ ትሄዳለች። ወረቀት ላይ የተጻፈው ፍጥነት ከእጅህ ይወጣል።

ዴል ፒላር በሚያዝያ 2012 ስካርቦሮ በተባለው አለታማ ቦታ የቻይና ዓሣ አጥማጆችን አግኝታ ልትፈትሽ ስትል የቻይና መንግሥት ሲቪል መርከቦች መጥተው መሀል ገቡ። ፊሊፒንስ ጦር መርከቧን አስወጥታ በጠረፍ ጥበቃ መርከብ ተካቻት። ወራት ሳይቆይ ቦታው በቻይና ቁጥጥር ሥር ወደቀ። ያ ክስተት ማኒላ ውስጥ ብዙ ነገር ቀሰቀሰ። ትልቅ መርከብ መያዝ ብቻውን እንደማይበቃ ያን ጊዜ ታየ። ፊሊፒንስ በ2013 ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፍ የግልግል ችሎት ወሰደች፣ በሐምሌ 2016 ተፈረደላት። ቻይና ፍርዱን አልተቀበለችም።

አሁን ወደ አዲሶቹ። «ዝገት ብቻ» የሚለው ሰው ያላየው ይህን ነው።

በ2016 ፊሊፒንስ ከኮሪያው ሀዩንዳይ ሁለት አዳዲስ ፍሪጌቶች አዘዘች። ሆሴ ሪዛል በሐምሌ 2020፣ አንቶኒዮ ሉና በመጋቢት 2021 አገልግሎት ጀመሩ። 107 ሜትር ርዝመት፣ ወደ 2,600 ቶን፣ አራት የናፍጣ ሞተር፣ 25 ኖት። ተርባይን የለም። ሞተር ክፍሉን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ይደሰታል፤ ቀላል ነው፣ መለዋወጫ ይገኛል፣ ነዳጁ ተመጣጣኝ ነው። የኮሪያ ሲ-ስታር ጸረ መርከብ ሚሳኤል ታጥቀዋል፣ ብሉ ሻርክ የተባለ ቶርፒዶ አላቸው፣ የውሃ ውስጥ ድምፅ ማዳመጫ ሶናር አላቸው። ለዚህ ባህር ኃይል ይህ አዲስ ዘመን ነው። በግንቦት 2024 ሆሴ ሪዛል በልምምድ ላይ ሲ-ስታር ተኩሳ ለዒላማ የተዘጋጀችን አሮጌ መርከብ መታች።

ጉድለታቸውንም ልንገርህ። ከአየር የሚመጣን ነገር የሚመቱት ሚስትራል በተባለ አጭር ርቀት ሚሳኤል ነው። ከዚያ የሚርቅ ሚሳኤል ቀጥ ብሎ የሚተኮስበት ቦታ ንድፉ ላይ ተትቶላቸው ነበር፣ ግን ማስወንጨፊያው ሳይገጠም ነው የተረከቧቸው። ግቢው ታጥሮ በሩ ያልተገጠመ ቤት ማለት ነው። ምክንያቱ ባጀት ነው። በግዢው ወቅት የመርከቡን ውጊያ የሚመራው የኮምፒውተር ሥርዓት የማን ይሁን በሚለው ላይ ኃይለኛ ጭቅጭቅ ተነሥቶ፣ በ2017 መጨረሻ የባህር ኃይሉ አዛዥ ከቦታቸው እስከመነሣት ደረሱ። የመርከብ ግዢ ማለት ብረት መግዛት ብቻ እንዳልሆነ ከዚያ ታያለህ። ዋናው ፀብ ስለ ሶፍትዌር ነበር።

ከሁለቱ የተማሩት ቀጣዮቹ ላይ ይታያል። በታኅሣሥ 2021 ከዚያው ከሀዩንዳይ ጋር ለሌሎች ሁለት መርከቦች 28 ቢሊዮን ፔሶ የሚያወጣ ውል ተፈረመ። የመጀመሪያዋ ሚጌል ማልቫር በግንቦት 2025 አገልግሎት ጀመረች። ሁለተኛዋ ዲዬጎ ሲላንግ በዚያው ዓመት ፊሊፒንስ ገባች። 118 ሜትር ናቸው፣ ወደ 3,200 ቶን። በዚህ ጊዜ በሩ ተገጥሟል፤ ማይካ የተባለውን የፈረንሳይ ጸረ አየር ሚሳኤል የሚይዙ 16 ቀጥ ያሉ ማስወንጨፊያዎች አሏቸው፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ያ ካመለጠው ደግሞ ጎክዴኒዝ የተባለ የቱርክ 35 ሚሊ ሜትር ፈጣን መድፍ አለ። ራዳራቸው የእስራኤል ነው፣ ዘመናዊ ነው። አራቱን ጥያቄዎቼን ብትወስድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአራቱም መልስ ያላት የፊሊፒንስ መርከብ ይህች ናት።

ስሞቹን ልብ በል። ዲዬጎ ሲላንግ ከነዚያ ከቬትናም ከመጡት ባርኔጋቶች የአንዷ ስም ነበር። የድሮዋ ሚጌል ማልቫር ደግሞ በ1944 የተሠራች፣ እሷም በቬትናም በኩል የመጣች መርከብ ናት። በግንቦት 5 ቀን 2025 ለልምምድ ዒላማ ልትሆን እየተጎተተች ሳለ ማዕበል በዝቶባት ከመመታቷ በፊት ራሷ ሰጠመች። አዲሲቱ ሚጌል ማልቫር አገልግሎት የጀመረችው ከዚያ በኋላ በ15ኛው ቀን ነው።

ከኮሪያ በስጦታ የመጣች ኮንራዶ ያፕ የምትባል ኮርቬትም (ከፍሪጌት የምታንስ ጦር መርከብ) አለች፣ በ2019 ተረከቧት። ያገለገለች ናት፣ ግን ሰርጓጅ ለማደን የተሠራች ስለሆነ ባህረኞቹ ያንን ሙያ እንደገና እንዲለማመዱ ረድታለች። በ2022 ደግሞ ከሀዩንዳይ ስድስት የሩቅ ባህር ቅኝት መርከቦች በ30 ቢሊዮን ፔሶ ታዝዘዋል። እነዚህ ወሬ ላይ ብዙም አይነሡም፣ እኔ ግን ከፍሪጌቶቹ ባልተናነሰ እፈልጋቸዋለሁ። ፍሪጌትን በየቀኑ ዓሣ አጥማጅ ለመጠበቅ ማሠራት ውድ ሞተርን በከንቱ መጨረስ ነው።

ማጓጓዣ መርከቦቹ ለኛ ሰው ትርጉም ያላቸው ይመስለኛል። ታርላክና ዳቫኦ ዴል ሱር ኢንዶኔዥያ ሱራባያ ላይ ነው የተሠሩት፣ በ2016 እና በ2017 መጡ፣ 123 ሜትር ናቸው። ወታደር፣ ጀልባ፣ ሄሊኮፕተር ይይዛሉ። አውሎ ነፋስ ደሴቶቹን በሚመታበት አገር ዋና ሥራቸው እርዳታ ማድረስ ነው። በጥር 2020 አሜሪካና ኢራን ሲፋጠጡ የፊሊፒንስ መንግሥት ዳቫኦ ዴል ሱርንና ራሞን አልካራዝን ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ላካቸው። ዓላማው ነገሩ ቢፈነዳ ዓረብ አገር ያሉትን ሠራተኞቹን ለማውጣት ነው። ጦርነቱ አልመጣም፣ ኮሮና መጣ። ሲመለሱ ህንድ ላይ የፊት መሸፈኛ ጭነው ሳለ፣ በግንቦት ወር ኮቺ አጠገብ ራሞን አልካራዝ እሳት ተነሣባትና ሁለት ባህረኞች ቆሰሉ። ዕድሜ የጠገበ መርከብ ረጅም መንገድ ሲላክ እንዲህ ያለ አደጋ ይጠበቃል። ያም ሆኖ አንድ መንግሥት ለቤት ሠራተኞቹና ለግንበኞቹ ብሎ መርከብ ሲልክ አየሁ። ሪያድና ቤይሩት ያሉትን እህቶቻችንን እያሰብኩ ነው ያን ዜና የተከታተልኩት።

ትንንሾቹን ፈጠን ብዬ ልለፍ። አሴሮ የሚባሉት ፈጣን ጀልባዎች የእስራኤል ሻልዳግ ናቸው። ዘጠኝ ታዝዘዋል፣ ከፊሎቹ ካቪቴ ላይ አገር ውስጥ እንዲገጣጠሙ ተደርጓል። 40 ኖት ይሮጣሉ፣ አንዳንዶቹ ስፓይክ ሚሳኤል ይይዛሉ። በደሴት መካከል አደገኛ ናቸው። ክፍት ባህር ላይ፣ የዝናብ ወራት ማዕበል ሲነሣ ግን ብዙ አይጠቅሙህም።

አሁን ብራህሞስ። ህንድና ሩሲያ አብረው የሠሩት ሚሳኤል ነው። ፊሊፒንስ በጥር 2022 በ375 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሦስት ባትሪ (የሚሳኤል ማስወንጨፊያ ምድብ) አዘዘች፣ የመጀመሪያው በሚያዝያ 2024 ገባ። መርከብ ላይ አይደለም የሚጫነው፣ መኪና ላይ ነው፤ የያዘውም የማሪን ጦሩ የጠረፍ መከላከያ ክፍል ነው። ከድምፅ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት 290 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አስፈሪ መሣሪያ ነው፣ አልክድም።

ግን አስብ። ምድር ክብ ናት። ጠረፍ ላይ የቆመ ራዳር ባህር ላይ ያለን መርከብ የሚያየው እስከ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ነው። 290 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚሳኤል ይዘህ ዒላማህ የት እንዳለ ካላወቅህ ማስወንጨፊያህ መኪና ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ከአየር ሆኖ የሚያይ ያስፈልጋል፤ አውሮፕላን፣ ድሮን፣ ወደፊት የወጣ መርከብ። ፊሊፒንስ ለባህር ቅኝት ካሏት አውሮፕላኖች ውስጥ አምስቱ ከጃፓን በ2017 እና በ2018 የተገኙ ቲሲ-90 የሚባሉ ትንንሽ ማሠልጠኛዎች ናቸው። ሁለት አዲስ ዋይልድካት ሄሊኮፕተሮችም አሉ። ቀዳዳው እዚህ ነው ብትለኝ እስማማለሁ። ስለዚህ «ብራህሞስ አለ፣ አለቀ» የሚለውን አልቀበለውም። ብራህሞስ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ማንም ትልቅ ጦር መርከብ ሉዞን በተባለችው ትልቋ ደሴታቸው አጠገብ ሲያልፍ እንዳይዘናጋ አድርጓል። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላ ሰዎች የሚያምታቱት ነገር አለ። በዜና ላይ የምታየው በውሃ መድፍ የሚመታው ነጭ መርከብ አብዛኛውን ጊዜ የባህር ኃይሉ አይደለም፣ የጠረፍ ጥበቃው ነው። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ባህር ኃይሉ ግራጫ ነው፣ ጠረፍ ጥበቃው ነጭ። ማኒላ ሆን ብላ ነጩን ከፊት ታሰልፋለች፤ ግራጫው ከመጣ ነገሩ ወደ ጦርነት አንድ እርምጃ ይቀርባልና። ጃፓን የሠራቻት 97 ሜትሯ ቴሬሳ ማግባኑዋ በ2024 ሳቢና በተባለው ቦታ ለአምስት ወር ያህል ቆማ ነበር። ስለዚህ የፊሊፒንስን የባህር አቅም ስትመዝን ጠረፍ ጥበቃውን ካልጨመርክ ሂሳብህ ጎዶሎ ነው። በየቀኑ ገፍያውን የሚቀበሉት እነሱ ናቸው።

ቻይናን መቋቋም ይችላሉ ወይ? ፊት ለፊት፣ መርከብ ለመርከብ ከሆነ አይችሉም። የቻይና ባህር ኃይል በመርከብ ቁጥር የዓለም ትልቁ ነው፣ አራት ጥሩ ፍሪጌት ይህን አይለውጠውም። የፊሊፒንስ ዕቅድም ያ አይደለም። የያዙት ሐሳብ ማንም ወደ ደሴቶቹ ሲጠጋ ዋጋ እንዲከፍል ማድረግ ነው፣ አጋሮቻቸው እስኪደርሱ ድረስ መቆየት ነው። ለዚያ ሐሳብ ሚጌል ማልቫር፣ ብራህሞስ፣ አሴሮና ያችው የዛገችው ሲዬራ ማድሬ እያንዳንዳቸው ቦታ አላቸው። በጥር 2024 መንግሥቱ ለቀጣዮቹ ዓመታት ወደ 35 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የማዘመኛ ዕቅድ አጽድቋል። በ1995ቱ ሕግ የሆነውን አይቻለሁና ወረቀቱን ሳይሆን የሚፈረሙትን ውሎች ነው የማየው። እስካሁን ግን ከ2016 ወዲህ የፈረሙትን አብዛኛውን ተረክበዋል፣ ይህ ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር ነው።

የመጨረሻው ጥያቄህ ሰርጓጅ ነው። የላቸውም። አንድም ኖሯቸው አያውቅም። ፍላጎቱ ዕቅዱ ውስጥ አለ፣ የተለያዩ አገሮች ኩባንያዎችም ሊሸጡላቸው ሲያባብሏቸው ቆይተዋል። እኔ አሁን ባይገዙ እመርጣለሁ። ሁለት ሰርጓጅ ማለት ጣቢያ፣ ልዩ ዶክ፣ የባትሪ ወርክሾፕ፣ የነፍስ አድን መርከብ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ዓመታት የፈጀ የባህረኛ ሥልጠና ማለት ነው። ያንን ገንዘብ መጀመሪያ የቅኝት አውሮፕላን ላይ፣ የሆሴ ሪዛልንና የአንቶኒዮ ሉናን ባዶ ቦታ መሙላት ላይ፣ መለዋወጫ መጋዘን ላይ ቢያውሉት ነገ ጠዋት የሚጠቅማቸው እሱ ነው።